የሐሙሱ እንግዳ

መምህር ደረሰ ጣጣውን የጎተተው በገዛ እጁ ነው። ማንም አላስገደደውም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ታሪክ አስተማሪ ነው፤ መጽሐፉን ይዞ ንጉሥ በንጉሥ እየቆጠረ፣ ሰሌዳው ላይ ዓመተ ምሕረት እየጻፈ፣ ደወል ሲደወል ጠመኔውን ከእጁ አራግፎ መውጣት ይችል ነበር። አርፎ አልተቀመጠም። ከእንግሊዝኛው መምህር ከክብሩ ጋር ተመካክረው የየሐሙሱን ሁለት ክፍለ ጊዜ አንድ ላይ አደረጉት። ክብሩ ከሩቅ አገር የመጣ ልቦለድ ያስነብባል። ደረሰ ደግሞ "ይኼ ነገር እኛስ ዘንድ ነበር ወይ?" ብሎ ተማሪውን ወደ ቤቱ ይሰድዳል። አያት ይጠየቃል፣ አክስት ትጠየቃለች፣ ተጽፎ ይመጣል።

እስከ ጥር ድረስ ነገሩ ሰመረላቸው። ስለ ረሃብ አነበቡ፣ ስለ ረሃብ ጠየቁ። ስለ ጋብቻ አነበቡ፣ ስለ ጠለፋ ተጽፎ መጣ። ርእሰ መምህሩ እንኳ "ጥሩ ነው፤ ግን ፈተና ላይ አይመጣም" እያለ በግማሽ ልቡ ተቀብሎታል። ከዚያ ክብሩ የአንድ ቀባሪ ቤተሰብ ታሪክ ይዞ መጣ። በዚያ በሰው አገር ሰው ሁሉ ሬሳውን ለቀባሪው ይሰጣል፤ ሠርጉ ላይ ግን አይጠራውም። የቀባሪው ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ተማሪዎቹ ይኸን ሲያነቡ ተናደዱ፤ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው አሉ። ደረሰ ያን ጊዜ ዝም ቢል ምን ነበረበት? አፉ ቀደመውና "እስቲ እቤታችሁ ጠይቁ፤ በአያቶቻችሁ ጊዜ፣ በሰፈራችሁ፣ ማን ከማን ጋር አይበላም ነበር?" አላቸው።

ሰኞ ጠዋት ሮሆቦት የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መምህራን ክፍል ድረስ መጣች።

"ቲቸር፣ አያቴ ብዙ ነገር ነገረኝ፣ ጽፌ አልጨረስኩትም" አለች። "ራሴ መጥቼ ልንገራቸው ይላል። ሐሙስ ቢመጣ ችግር አለው?"

"ምን ችግር አለው፣ ደስ ይለናል እንጂ" አላት ክብሩ፣ ደረሰ አፉን ሳይከፍት።

ደረሰ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ ማንበብ ጀመረ። የአያት ስም፣ ወርቁ። ዕድሜ፣ ሰባ አራት። የኖሩበት ቦታ የሚለው ጋ ሲደርስ ዓይኑ እዚያው ቀረ። ቦታው የእሱ አገር ነው። ትምህርት ቤቱ ካለበት ከሀዋሳ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ እናቱ ዕድሜ ልኳን ሸክላ ስትሸጥበት የኖረችው ገበያ ያለበት ቀበሌ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ደረሰ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ይኸን ሀዋሳ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እሱ ባደገበት አገር ከሸክላ ሠሪ ድስቱ ይፈለጋል እንጂ እጁ አይፈለግም፤ አብሮት ገበታ የሚቀርብ የለም፣ ልጁን የሚድርለት የለም። ወንጌል ገባ፣ ትምህርት ገባ፣ ሕጉ ተለወጠ፤ ሰው ሁሉ በአደባባይ "ያ እኮ ቀረ" ይላል። ደረሰ ግን እንዴት እንደቀረ አይቶታል። መጀመሪያ በተመደበበት ትንሽ ከተማ ምሳ አብረውት የሚበሉ አራት መምህራን ነበሩ። አንድ ቀን አንድ የአገሩ ልጅ መንገድ ላይ አገኘውና ሰላም ብሎት አለፈ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ለመምህራኑ ሳይነግራቸው አልቀረም። ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፣ ማንም አልሰደበውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር።

ስለዚህ ሀዋሳ ሲቀየር በሩን ሁሉ ዘጋጋ። "የማን ልጅ ነህ?" ለሚል ሽማግሌ "እዚሁ ነው ያደግሁት" የሚል መልስ አዘጋጀ። እናቱን ከገጠር አምጥቶ መናኸሪያ ሰፈር በተከራየው ቤት ሲያስቀምጣት "እማዬ፣ ስለ ሸክላ ለማንም እንዳታነሺ" አላት። እሺ አለችው። የሥራ ባልደረቦቹ "ቤትህን አሳየን እንጂ" ሲሉት "እናቴን ያማታል" ይላቸዋል። ሴትየዋ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ጤነኛ ናት። እንዲህ ሆነው ስምንት ዓመት ኖሩ።

ማክሰኞ ዕለት ክብሩን ለብቻው ነጥሎ ያዘው።

"ሽማግሌውን ለሌላ ጊዜ ብናደርገው? የሴሚስተር ፈተና እየደረሰ ነው።"

"አንተ ነህ ይኸን የምትለው? ስለ ፈተና የሚነዘንዘን ርእሰ መምህሩ አልነበረም እንዴ?" አለና ክብሩ ፊቱን አየው። "ደግሞ ምን ሆነሃል? ገርጥተሃል።"

"ጉንፋን ነው።"

"እንግዲያው ሐሙስ አንተ አትድከም፣ እኔ እይዘዋለሁ።"

ይኸ ደግሞ ባሰ። ሽማግሌ ሰው መቼም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ "የታሪክ መምህራችሁ ማን ይባላል? የአባቱ ስምስ? ከወዴት ነው?" ማለቱ አይቀርም። ደረሰ በሌለበት አንዱን ከአንዱ አገጣጥሞ ሲጨርስ ማን አፉን ይይዘዋል? ቢገኝም ጉድ፣ ቢቀርም ጉድ ሆነበት። ረቡዕ ከሰዓት በባጃጅ መሃል ከተማ ሄዶ የሕመም ፈቃድ ሊያወጣ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ቆመ። ምኔን አመመኝ ልበል ሲል አሰበና በእግሩ ተመለሰ።

እራት ላይ እናቱ ሳህኑን አየችና "እህል አልወርድ አለህ፣ ምን ገጥሞህ ነው?" አለችው።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ።"

እውነት አለመሆኑን አውቃለች። ግን ደግማ አልጠየቀችውም፤ ሳህኑን አንሥታ ሄደች። ደረሰም ሊነግራት አስቦ ፈራ። ቢነግራትስ? "ወርቁን አውቀዋለሁ" ብትለውስ ምን ይውጠው ነበር?

ሐሙስ መድረሱ አልቀረም። አቶ ወርቁ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በከዘራቸው ተደግፈው ከባጃጅ ወረዱ። ሮሆቦት ክንዳቸውን ይዛለች። ሁለቱ መምህራን በሩ ላይ ተቀበሏቸው። ሽማግሌው የደረሰን እጅ ጨብጠው አልለቅ አሉ።

"የማን ልጅ ነህ?"

"እዚሁ ነው ያደግሁት አባባ። ይግቡ፣ ተማሪዎቹ እየጠበቁዎት ነው።"

"እዚሁ ማለት የት ነው? ሰው ከሰው ነው የሚወለደው ልጄ፣ ከሀዋሳ የተወለደ አላየሁም።"

ክብሩ ከት ብሎ ሳቀ። ደረሰም ሊስቅ ሞከረ፤ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። እግዜር ይስጠው ደወሉ ተደወለና ሽማግሌውን እየደገፉ ወደ ክፍል ገቡ። ደረሰ ሄዶ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ቆመ። በተቻለው መጠን ከዓይናቸው የራቀ ቦታ ነው የመረጠው።

አቶ ወርቁ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። አማርኛው አንዳንዴ ሲያስቸግራቸው በሲዳምኛ ለልጅ ልጃቸው ይነግሯታል፣ እሷ ትሞላላቸዋለች። ስለ ቀድሞው ገበያ፣ ማን ከማን ዘር እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተጋባ እስከ ሰባት ቤት እየቆጠሩ አወሩ። ሃምሳ ስምንት ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ከዚያ ክብሩ ወደ ጥያቄው መለሳቸው፤ ማን ከማን ጋር አይበላም ነበር?

"እኛ ቤት በየገበያው ቀን የምትመጣ አንዲት ሸክላ ሻጭ ነበረች" አሉ። "ረዥም ሴት ናት። እንስራውን በጀርባዋ አዝላ ነው የምትመጣው። ዕቃዋን እንወደዋለን፣ የሷ ድስት አይሰነጠቅም። ቤት ግን አትገባም። ዝናብ ቢጥልም ጓሮ ነው የምትቆመው። ሚስቴ ቆጮ ትሰጣታለች፣ በሳህን አይደለም ታዲያ፤ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ በሱ ላይ ነው። በልታ ስትሄድ ቅጠሉን በእንጨት ገፍተን ገደል እንጥለዋለን።"

"ለምን በእንጨት?" አለች አንዷ ተማሪ።

"እጃችን እንዳይነካው ነዋ። አንድ ቀን ልጇን ይዛ መጣች፣ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትንሽ ጀበና አስይዛዋለች። ልጁ ውሻችንን ሲያይ ደነገጠና ጀበናውን ለቀቀው፣ ብትንትኑ ወጣ። እናትየዋ አልተቆጣችውም። ስባሪውን አንድ በአንድ ለቅማ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች፤ ግቢያችን ውስጥ እንዳይቀር ብላ። እኛማ በሳቅ ልንሞት።"

ጥቂት ተማሪዎችም ሳቁ። ደረሰ የመስኮቱን ብረት ያዘ። ውሻው ቡናማ ነበር፤ አንድ ጆሮው ተቆርጧል። ወደ ቤት ሲመለሱ እናቱ መንገዱን ሙሉ "አይዞህ፣ ሌላ እሠራለሁ፤ አይዞህ፣ ሌላ እሠራለሁ" ስትለው ነበር። ይኸን ለሠላሳ ዓመት ያህል ረስቶት ነበር፣ ወይም የረሳው መስሎት ነበር። ተናደደ። አፈረ። ደግሞ እንዳይታወቅበት ፈራ፤ ሦስቱም አንድ ላይ መጡበት።

"ከዚያ ወንጌል መጣ" አሉ ሽማግሌው። "ተማርን። ዛሬ ሁላችንም አንድ ነን፣ ያ ሁሉ ቀረ።"

ክፍሉ አጨበጨበ። ክብሩም አጨበጨበ። መሃል ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰኢድ የሚባል ተማሪ፣ ሲጽፍ ቆይቶ፣ እጁን አወጣ።

"አባባ፣ የሴትየዋ ስም ማን ነበር?"

አቶ ወርቁ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ጣሪያው አዩ። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሮሆቦት ልታግዛቸው ወደ እሳቸው ዘንበል አለች፣ ግን የምትሞላው ቃል አልነበራትም።

"ስሟን አላውቀውም" አሉ በመጨረሻ። "ሸክላዋ ነበር የምንላት። ስም የጠየቃት የለም።"

ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ደረሰ ዝም ቢል ያልፋል። ሽማግሌው በባጃጃቸው ይሄዳሉ፣ እሱ ምሳውን ከክብሩና ከሌሎቹ ጋር ይበላል፣ ነገም ይበላል። ይኸን ሁሉ አሰበው። ነገ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሳይቀር አሰበው።

"አባይነሽ ትባላለች" አለ። 

ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ።

"ማን?" አሉ አቶ ወርቁ።

"ሴትየዋ። ስሟ አባይነሽ ነው። ጀበናውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

 ሰኢድ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ሮሆቦት ፊቷን ዴስኩ ላይ ደፋች። ክብሩ የገዛ ጫማውን ያያል፤ ደረሰም እሱን ሲያይ ወዲያው ያ ብቻውን የበላው ምሳ ትዝ አለው።  የተናገረውን መልሶ ቢውጠው በወደደ ነበር፣ ግን አንዴ ወጥቷል።

አቶ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። በዴስኮቹ መሃል ቀስ እያሉ እስከ መስኮቱ መጡና የደረሰን ፊት ለረዥም ጊዜ አዩት። እሱም ዓይኑን አልሰበረም።

"በሕይወት አለች?"

"አለች። ከእኔ ጋር ናት፣ መናኸሪያ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።  ከዚያ፣ ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ብመጣ ደስ ይላት ይሆን?" አሉት።

ደረሰ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይመጣባት በር ሲዘጋ ኖሯል፤ ማን ቢመጣ ደስ እንደሚላት ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።