የሲሪል ንክሻ

ዶሪን ሻዩን ቀድታ ሳትጨርስ ኔቪል መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ጎረቤት ያመጣው ኬክና የሥጋ ፓይ ቦታ አሳጥቶት ሳህን ገፋ አደረገ። ከመሐረቡ ውስጥ የዶሪን ባል የሲሪል ፒፓ ወጣች፤ በየቀኑ ያጨሳት የነበረችው፣ ሬሳው ሲወሰድ ዶሪን ከካፖርቱ ኪስ ያስቀረቻት።

ሲሪልና ኔቪል ያሉበት የፒፓ ሰብሳቢዎች ማኅበር ልማድ ነው፤ አንዳቸው ሲሞት የሚወዳት ፒፓ የሬሳ ሳጥኑ ላይ ሆና እስከ መቃብር ትሸኘዋለች፤ ከዚያ ለቤተሰቡ ትመለሳለች። ኔቪል ትናንት መጥቶ ሲጠይቃት የሰጠችው እያቅማማች ነበር። ምንም እንዳታደርጋት ግን አላለችውም። ይህም መነገር አለበት ብላ አላሰበችም።

ፒፓዋ ታበራለች። ዶሪን አውራ ጣቷን በጥርስ ወደሚያዘው ጥቁር ጫፍ ሰደደች። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ጉድጓድ ነበረ፤ የሲሪል ክራንቻ የቆፈረው። አሁን እንደ መስታወት ልሙጥ ነው።

"ንክሻውስ?" አለች።

"ወጣልሽ እኮ። ጠንካራ ጎማ አይደል? ሲሞቅ የድሮ ቅርጹ ይመለሳል። ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።"

እውነቱን ነው። ሲሪል የእሁድ ገበያ ዞሮ የሟች ሰዎችን አሮጌ ፒፓ እየገዛ ይመጣና እዚሁ ማእድ ቤት፣ እዚሁ ምድጃ ላይ ጫፉን ያሞቀው ነበር። ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ኩፍ ሲል ዶሪንን ይጠራታል፤ "ነይ እይ፣ ሽማግሌው ንክሻውን ለቀቀ!" አንድ ጊዜ፣ የሟቹ ሚስት ብታይ ምን ትል ነበር ብላው፣ "ሚስቱማ ናት የሸጠችልኝ" ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ስቃ ነበር።

የራሱን ግን አሙቆ አያውቅም።

ልጃቸውን የቀበሩ ዕለት ሲሪል አላለቀሰም። ባዶዋን ፒፓ ነክሶ፣ ትንሿ ሳጥን አፈር እስክትለብስ ድረስ ቆመ። ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖራት ዶሪን የታችኛውን ጉድጓድ አየችው። ጠዋት አልነበረም። ስለ ልጁ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እሷም አልጠየቀችው። ልጇ ሲናፍቃት ፒፓዋን ታነሳና በጣቷ ትዳስሳት ነበር።

ኔቪል ፊቷን አየ። የሻይ ሲኒውን አስቀመጠ።

"ዶሪንዬ፣ ምን አደረግኩ?"

ትናንት፣ ሲሪል የተሻለ ቦታ ሄደ ያላትን ቄስ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለው ብላ በር ያሳየች ሴት ናት። ለኔቪልም የሚበቃ ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ጥፍሩን አየችው፤ በቀለምና በሰም ጠቁሯል። መሐረቡን ለዚህ ብሎ ተኩሶታል።

"ምንም። አምራለች። ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል።"

ጠጥቶ ወጣ። ሳሎን ያሉት ለቀስተኛ ሴቶች ስቃይ ሳያይ መሞቱም አንድ ነገር ነው እያሉ ሲያንሾካሹኩ ይሰማታል። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ፒፓዋን በክራንቻዋ ያዘች፣ እሱ ይይዝበት በነበረው በኩል። መንጋጋዋ እስኪንቀጠቀጥ ነከሰች። አውጥታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

ልሙጥ ነው።

በቀሚሷ ጠረገችውና እንደገና ነከሰች።