ብርድ ልብስ ወደ ጋምቤላ

ዘይና ሻንጣውን እንደ ሕፃን አቅፋ የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ወጣች። ሻንጣው ቁጥሩን ስለጋረደባት ራሷ ማንበብ አልቻለችም።

"ስንት ይላል?"

ልጇ ኢሽራቅ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አጮለቀች። "ሁለት መቶ ሃያ አንድ። የአንቺ ክብደት ደግሞ አንድ መቶ..."

"ጮክ አትበይ! ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ይሰማል።"

"አንድ መቶ ስልሳ ስምንት፣" አለች ኢሽራቅ በሹክሹክታ። "ሲቀነስ ሃምሳ ሦስት ፓውንድ። ሦስት ኦቨር ነው፣ እማ።"

"እሱማ ቁርሴ ነው።"

"ቁርስ ከበላሽ በኋላ ነው የተመዘንሽው።"

ዘይና እያለከለከች ሻንጣውን አወረደችና አልጋው ላይ ከፈተችው። ሮቢንስዴል ካለ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አንሶላና ጋዋን ስታጥፍ የኖረች ሴት ናት፤ ሻንጣ ማሸግ ለእሷ ሙያ ነው። ስስ የጥጥ ሱሪዎቹን አጥብቃ እየጠቀለለች ዳርና ዳር ደርድራቸዋለች። እጅጌያቸው ረጃጅም የሆኑት ሸሚዞች የትንኝ መድኃኒት ተነፍቶባቸዋል። ባለፈው ሳምንት መድኃኒቱ እንዲደርቅ በረንዳው ላይ ብታሰጣቸው በረዶ ሠርተው እንደ ሳንቃ ቀጥ ብለው ነበር የገቡት። ኤፕሪል ተጋምሶም በረዶው ከሴንት ፖል ንቅንቅ አላለም።

ኢሽራቅ ነገ ከሰዓት በኋላ ትበራለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሚኒሶታ ተወልዳ፣ ሚኒሶታ ተምራ ነርስ ሆናለች። በአንድ የእርዳታ ድርጅት በኩል ጋምቤላ ወርዳ በስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ አሥር ወር ልትሠራ ነው። ከሁለቱ ሻንጣዎቿ አንደኛው የክሊኒኩ ዕቃ ታሽጎ የተቆለፈበት ነው። የራሷ አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም ከሃምሳ ፓውንድ አንዲት ካልሲ ቢበልጥ አይጫንም ተብላለች።

ዘይና ነገሩን ከሰማች ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ ስታኮርፍ ከረመች። በመጨረሻ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብላ ተወችው። እውነቱን ለመናገር ግን አልተወችውም፤ ፍርሃቷን ወደ ሻንጣው አዞረችው እንጂ። ድርጅቱ የላከውን የዕቃ ዝርዝር ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋ፣ አንዱ በተገዛ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርበት ነበር። የግንባር ባትሪ፣ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ፣ የዝናብ ልብስ፣ አጎበር፤ አንድም ሳይሰመርበት የቀረ የለም።

ኢሽራቅ እጇን ከካልሲዎቹ ሥር ሰድዳ አንድ ከባድ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች።

"እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"በርበሬ ነዋ።"

"ወደ ኢትዮጵያ በርበሬ ይዤ ልሂድ?"

"ታዲያስ! ማን እንደፈጨው የማይታወቅ በርበሬ ልትበዪ ነው?"

"ይሄንንስ ማን ነው የፈጨው?"

ዘይና አሰበች። በርበሬው ባለፈው ዓመት ከደሴ በሰው እጅ የመጣ ነው። ይህን ስትናገር መጀመሪያ ኢሽራቅ፣ ቀጥሎ እሷ ራሷ በሳቅ ፈረሱ። በርበሬው ወደ ጓዳ ተመለሰና ሻንጣው ልክ ሃምሳ መጣ።

ሻንጣው ገና ሳይቆለፍ በሩ ተንኳኳ። ዳራርቱ ናት። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ባቡሩ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ የልብስና የቅመም ሱቅ አላት። ዘይና ወገን ዘመድ በሌላት ጊዜ፣ ኢሽራቅን የተገላገለች ዕለት፣ አራስ ጠያቂዋም ገንፎ አገንፊዋም ይህችው ዳራርቱ ነበረች። አርባ ቀን ሙሉ ተመላልሳለች። ዛሬ ደግሞ ደረቷ ድረስ የሚደርስ ጥቅል ታቅፋ ገባች።

"ያ ዘይና! ልጃችን ልትሄድብን ነው አይደል?" ኢሽራቅን አገላብጣ ሳመቻትና ጥቅሉን አልጋው ላይ አኖረችው። ነብር የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር። "ለእማዬ ናት። የፍቼን ክረምት ታውቂው የለ? ዘንድሮ እግሯ ብርድ ገብቶበት አልነሳ ብሏታል። አየሩን በማሽን መጥጬ አስወጥቼዋለሁ፤ ቦታ አትይዝም።"

አየሩስ ወጥቷል፤ ክብደቱ ግን የትም አልወጣም። ኢሽራቅ እናቷን አየች። ዘይናም ሻንጣውን አየች። "ሃምሳ ሞልቷል" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። በሃያ ዓመት ውስጥ ዘይና ቤት አደራ ይዞ መጥቶ ይዞ የተመለሰ ሰው የለም፤ ስሟም በከተማው የተከበረው በዚሁ ነው። ለሌላው ያልከለከለችውን ለዳራርቱ ልትከለክል ነው?

"ምን ችግር አለው!" ስትል ራሷን ሰማች። "ያንቺ ዕቃ ቦታ ሊያጣ ነው እንዴ?"

"ወንድሜ ቦሌ መጥቶ ይቀበላታል። ጋምቤላ ድረስ አትሸከማትም።"

"እሱንም ቢሆን ታደርሳለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።"

ዳራርቱ መርቃ፣ ስማ፣ ሱቋን ለመክፈት ተጣድፋ ሄደች። ብርድ ልብሱ ሲመዘን ሰባት ፓውንድ ሆኖ ተገኘ።

"እኔ ቦታ እፈልግለታለሁ፣" አለች ኢሽራቅ። ፊቷን ወደ ሻንጣው አዙራ ነበር የምትናገረው። "አንቺ የባትሪውን ድንጋይ ገዝተሽ ነይ። ዶንት ወሪ፣ እማ።"

ዘይና ከሁለት ሰዓት በኋላ የባትሪ ድንጋዩን ይዛ ስትመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ኢሽራቅ ጓደኛዋን ለመሰናበት በባቡር ሚኒያፖሊስ መሄዷን ቴክስት አድርጋለች። ሻንጣው ተቆልፎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዘይና ካፖርቷን አውልቃ፣ ሻንጣውን አቅፋ ሚዛኑ ላይ ወጣችና አንገቷን እንደምንም አጣማ ቁጥሩን አየችው። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት፤ ሃምሳ ልክ።

"አልሃምዱሊላህ! የኔ ልጅ ጎበዝ!" አለች ለባዶው ቤት። ሙያው በዘር ወረደ ብላም ኩራት ቢጤ ተሰማት።

ካፖርቷን ልትሰቅል ቁም ሳጥኑን ስትከፍት እግሯ ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ጎንበስ አለች። ከክረምት ልብሶቹ ጀርባ የጎማ ቦቲው ቆሟል። በላዩ የዝናብ ልብሱ ታጥፏል። ከአንደኛው ቦቲ አፍ ደግሞ የአጎበሩ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል።

ዕቃዎቹን አውጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ አስማት አላደረገችም ለካ። ለዳራርቱ ብርድ ልብስ ስትል አጎበሯን አውጥታለች። ብርድ ልብሱ ቦሌ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሻንጣው ባዶ ቦታ ይዞ ጋምቤላ ይገባል።

ባህሩዲን ትዝ አላት። ረስታው ስለማታውቅ ትዝ አላት ማለትም አይቻል ይሆናል።

በሰባ ሰባት፣ ወረኢሉ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሟ ባህሩዲን ለሰፈራ ተመዘገበ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እሷ አሥራ ሁለት። ጋምቤላ የሚባል ለም አገር አለ ተባለ። በቤቱ ውስጥ ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወረኢሉ ላይ ሰው የሚገድለው ረሃብና ብርድ ነው፤ ስለዚህ እናቷ ብርዱን አሰበችለት። ከቤቱ የቀረውን ብቸኛ ጋቢ አወጣች። አጥፋ በገመድ ያሰረችው ዘይና ነበረች። በሕይወቷ ያሸገችው የመጀመሪያው ጓዝ እሱ ነው። ቋጠሮው እንዳይፈታ በእግሯ ረግጣ ነበር ያጠበቀችው።

በሁለተኛው ዓመት ከሰፈራው ያመለጠ አንድ የአገራቸው ሰው መጥቶ ነገራቸው። ባህሩዲን ሌሊት ሌሊት ጋቢውን ሲሸፈንበት ሙቀቱ፣ ሲገልጠው ትንኙ አላስተኛ እያለው ከረመ። ዝናቡ በገባ በሦስተኛ ወሩ የወባ ንዳድ ያዘው፤ በዚያው አለፈ። የተቀበረውም በጋቢው ተገንዞ ነው።

በሩ ተከፈተና ኢሽራቅ ጉንጯ በብርድ ቀልቶ ገባች። ቦቲውን እናቷ እግር ሥር ስታየው በቆመችበት ቀረች።

"ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል ይሄ?" አለች ዘይና።

"እማ፣ ኢትስ ፋይን። አጎበር እዚያ ይኖራል።"

"ማን አለሽ?"

"ፕሮባብሊ ይኖራል።"

"ወረቀቱ የራስሽን ይዘሽ ነይ ይላል። እንግሊዝኛ ማንበብ የማልችል መሰለሽ?"

ኢሽራቅ ኮፍያዋን አወለቀች። "ምን ላድርግ ታዲያ? አንቲ ዳራርቱን እሺ ብለሻታል። ሰው ፊት ላሳፍርሽ?"

ልጅቷ እንግሊዝኛ እያወራች ብታድግም ይሉኝታን ከእናቷ እጅ አሟልታ ወርሳለች። ዘይና ይህች ልጅ ባህሌን ረሳችብኝ ብላ ያለቀሰችባቸው ቀናት ነበሩ። አሁን ደግሞ ባትረሳው ይሻል ነበር ወይ የሚያሰኝ ነገር ሆነ።

"ነይ ቁጭ በይ።"

የባህሩዲንን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ጋቢውን ማን እንዳጠፈውም አልደበቀችም።

"አጎቴ በድርቁ ሞተ ነበር ያልሽኝ።"

"ድርቁን አምልጦ ነው የሞተው።"

"ዋይ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትቀሪ ነበር?"

ኢሽራቅ አሰበች። "አልቀርም ነበር።" አጎበሩን ከቦቲው ውስጥ ጎትታ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ግን ይሄንን አላወጣም ነበር። ሶሪ፣ እማ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ። የዚያን ጊዜው ያለማወቅ ነው፤ እናቴም አላወቀችም፣ እኔም ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ግን እያወቅሁ ነው።" ዘይና ተነስታ ሻንጣውን ከፈተች። ብርድ ልብሱ ከላይ ተንጣሏል፤ ነብሩ በፕላስቲኩ ውስጥ አፍጥጦባታል። አወጣችውና በእሱ ቦታ አጎበሩን፣ ቦቲውን፣ የዝናብ ልብሱን አንድ በአንድ መለሰች። ካልሲዎቹን ቦቲው ውስጥ ጠቀጠቀቻቸው።

"ኤርላይኑ እምቢ አለ ብለሽ ቴክስት አድርጊላት፣" አለች ኢሽራቅ። "አትቀየምም።"

"በእጄ የተቀበልኩትን በስልክ አልመልስም። አብሽሪ፤ መጣሁ።"

ብርድ ልብሱን ታቅፋ ወጣች። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ በረዶው በመኪና ተረግጦ ጭቃ ሆኗል፤ ባቡሩ ደወሉን እያሰማ አለፈ። ዘይና መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ታጠናለች። ኤርላይኑ ሕጉን ለውጦ፣ ድርጅቱ ሻንጣውን ፈትሾ፣ ኪሎው ተቀንሶ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል ሳትወስን ሱቁ በር ላይ ደረሰች።

ዳራርቱ ቅመም እየመዘነች ነበር። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ብርድ ልብሱን ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ትንሽ ደብዘዝ አለ፤ ወዲያው ግን መለሰችው።

"ውይ፣ ኤርላይኑ እምቢ አለ አይደል?" አለች። "ይታወቃል፤ እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው። ምንም አይደለም፣ ዘይና።"

ዘይና ጭንቅላቷን በአዎንታ መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ዳራርቱ ራሷ በሩን ከፍታላታለች፤ ክብሯም አደራ ጠባቂነቷም ሳይነካ በዚያው ልትወጣ ትችላለች። ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ከላዩ ሳታነሳ ቆመች።

"የለም፣ ዳራርቱ፣" አለች። "ኤርላይኑ አይደለም። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።"