ለእኔ የማትነሳው ፒካፕ

ፒካፗን የገዛኋት ተናድጄ ነው። ጋሪ ገፊው ለትምህርት ቤቱ ከሠራኋቸው ዴስኮች አራቱን ጭኖ ወጥቶ፣ ሁለቱን እግራቸውን ሰባብሮ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ጋሪ የሚባል ነገር በደጄ እንዳያልፍ ብዬ ተነሳሁና፣ ጎሚስታው አጥር ጥግ ስድስት ዓመት ቆማ የዛገችውን የናፍጣ ፒካፕ በአንድ ቁም ሳጥን ለወጥኳት። ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ባሌ ዞር ዞር ብሎ አያትና ቢያንስ ቁርስ አላጣንም አለኝ።

ይሳቅ እንጂ እኔ ቀልድ ላይ አልነበርኩም። የቀሩትን ሃያ ዴስኮች እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካላደረስኩ፣ ርዕሰ መምህሯ ሥራውን ለሌላ አናጢ እንደምትሰጥ በጨዋ ደንብ ነግራኛለች። ሦስት ሳምንት ነበረኝ።

ታናሽ ወንድሜ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። መኪናዋን ሲያይ ከእኔ ብሶ አበደ። ከታንከሯ እንደ ማር የወፈረ አሮጌ ናፍጣ ቀዳ፣ ፊልትሮውንና ሞተሩን የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎች ቀየረ፣ በናፍጣው መስመር የገባውን አየር አስወጣ። እኔ ደግሞ ዝገቷን ፍቄ ለጭነቱ አዲስ የእንጨት ወለል ሠራሁላት። ማታ ስንለያይ ሁለታችንም ፊታችን ጠቁሮ ጥርሳችን ብቻ ነበር የሚታየው። እንዲህ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አንድ ጠዋት ደውሎ ተነሳች አለኝ። መላጊያዬን ጥዬ፣ መዶሻና ማጠፊያ የታጨቀበትን ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ጋራዡ በረርኩ። ራሴ እንዳስነሳት ብሎ አጥፍቶ ጠበቀኝ። ገባሁ፣ ቦርሳዬን ከመሪው ሥር ካለችው መስቀያ አንጠለጠልኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ ወይ ፍንክች። ኮፈኑን ከፍቶ ሲጎረጉር ዋለ።

በማግስቱም እንደዚያው። እኔ ሳልኖር ትነሳለች፣ እኔ ስገባባት ድርቅ ትላለች። ሰፈሩ መሳቂያ አደረገኝ። ባሌማ ጠረንሽ አልተስማማትም ይለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌን አላውቅበትም። ሐሙስ ዕለት፣ ጋራዡ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ወንድሜን «ሙያውን በወጉ ተምረኸው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ መንገድ ላይ ነበርኩ» አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ ግን ሳልጠራው መኪናዋን ይዞ መጣ። ዴስኮቹን ፈታትተን ጫንን። እዚያ ደርሼ መግጠም ስላለብኝ ቦርሳዬን ከኋላ ሳንቃዎቹ መሃል ሸጎጥኩት። እሱ አስነስቶ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን እልህ ይዞኛል። ቁልፉን አዞርኩ። አሳላት፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ መላ አካሏ እየተንቀጠቀጠ ተነሳች። ጮህኩ። ባሌ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ሮጦ ወጣ። ወንድሜን ከጎኔ አድርጌ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እየዘፈንኩ ወጣሁት።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንገባ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ርዕሰ መምህሯ ሰዓቷን አየችና ፈገግ አለች። ቁልፉን አጠፋሁ፤ ሞተሩ ግን መሥራቱን ቀጠለ። ወንድሜን ምን ሆና ነው አልኩት።

«የድሮ ናፍጣ እኮ ናት፣ በቁልፍ አትጠፋም። ከመሪው ሥር ያለችውን ጥቁር እጀታ ወደ ታች ሳቢ፣ ናፍጣውን ትዘጋዋለች።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቦርሳዬ መስቀያ ናት።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ሐሙስ ዕለት እጁን ሲጠርግ የነበረው ፊቱ መጣብኝ። ነገርኩት። ቦርሳዬን ከኋላ አወጣ፣ በእጁ መዘነው፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት፣ «እታለም፣ እኔ እኮ ጋራዡን ልዘጋው ወስኜ ነበር» አለኝ።

ዴስኮቹን ገጥመን ስንመለስ ወደ ቤት አልሄድኩም። መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ፣ የሐሙስ ዕለቱ ደንበኞች ፊት አቆምኳትና ጥፋቴን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ያላመነ እንዲያምን ቦርሳውን እጀታው ላይ ሰቀልኩ። ሞተሩ ቀጥ አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ወንድሜ ግን ቀና ብሎ ቆሞ ነበር። መጥቶ ቦርሳዬን አወረደና ትከሻው ላይ አንጠለጠለው።

«በይ አሁን አስነሺያት» አለኝ።