እናቴን ብቻ አውጡልኝ

ክብሩን አንድ ቀን አንቄ እገድለዋለሁ ብያለሁ፤ እስካሁን አላደረግኩትም እንጂ ሐሳቤን አልተውኩም።

ሮቤ መነኻሪያው አጠገብ ያለችው ፎቶ ቤት የኔ ናት። ፎቶውን የማነሳው እኔ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ክብሩ ነው። ሚስቱ ጎባ ነርስ ሆና ስትመደብ ከደብረ ብርሃን ተከትሏት መጥቶ እዚሁ ቀረ። እጁ ወርቅ ነው፣ አልዋሽም። ችግሩ ጥድፊያው ነው። ከሰው ጀርባ ያለውን ነገር ሁሉ ጠላቱ ይመስል ጠራርጎ ነው የሚያጠፋው። አጥር በሉት፣ ላም በሉት፣ የጎረቤት ልብስ ማስጫ በሉት፣ አንዴ ጠቅ ካደረገ የለም። ሰዉም ይሄን ይወድለታል። የሮቤ ሰው ሁሉ ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ ካልሆነ ፎቶ የተነሳ አይመስለውም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ኦቦ አሊዪ ከልጃቸው ከሰቢሪና ጋር መጡ። ኦቦ አሊዪ ሲናና ወረዳ ስንዴ የሚያርሱ፣ እዚህ ሮቤ ደግሞ የእህል መጋዘን ያላቸው ሰው ናቸው። ሰቢሪና ልትዳር ነው፤ ሰርጓ እሁድ ነው። ሙሽራ ደስ ይላታል ብዬ ቀና ስል ፊቷ ጥቁርቁር ብሏል።

«አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ አሊዪ» አልኳቸው።

«ነጋ፣ ነጋ» ብለው ሰላምታዬን መለሱና ከኮታቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ፎቶ አወጡ። አንዲት ረጅም ሴት ጭቃ ቤት በር ላይ ቆማለች። በቀኝ እጇ ሲንቄ በትሯን ይዛለች። በግራዋ አንድ ጎረምሳ፣ በቀኟ አንድ ትንሽ ልጅ።

«እናቴ ሃጂራ ናት፣ አላህ ይርሐማት። ሌላ ፎቶ የላትም። ሰቢሪናን ያሳደገቻት እሷ ናት፣ ስትወጣ ይዛት እንድትሄድ ነው። በትልቅ ፍሬም አድርጋችሁ እናቴን ብቻ አውጡልኝ።»

«ልጆቹስ?»

«አንዱ እኔ ነኝ። እኔ አያስፈልግም።»

«ሌላውስ?»

«ሌላውም አያስፈልግም።»

ሌላው ከዲሮ ነው፣ ታናሽ ወንድማቸው። ሃጂራ ከሞቱ በኋላ በእናታቸው መሬት ድንበር ተጣሉ። ሽማግሌ ስንቴ ተቀመጠ፤ አንዱ እሺ ሲል ሌላው እምቢ እያለ ተበተነ። ከዲሮ ያለው ጎባ ነው። ከሮቤ ጎባ ማለት እኮ ሚኒባስ ውስጥ የጀመርከውን ወሬ ሳትጨርስ የምትወርድበት ነው! ግን መስጊድ ቢገናኙ እንኳ ሰላምታ የለም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«ኦቦ አሊዪ፣ ወንድም እኮ—»

«ፈርዶሳ፣ ፎቶ ስሪ» አሉኝ። ወዲያው የዙህር አዛን ሲሰማ ሊሰግዱ ወጡ።

እሳቸው ከመውጣታቸው ሰቢሪና እጄን ያዘችኝ። «አጎቴን ሰርጉ ላይ አልጠራውም ብሏል።»

«ለምኚው።»

«ለመንኩት! አጎቴ ካልመረቀኝ ከቤት አልወጣም አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እንግዲያው ቅሪ› አለኝ። አባቴ ይሄን ይለኛል?» እንባዋ መጣ። «አጎቴ አልወለደም እኮ፣ ፈርዶሳ። ልጅ ብሎ የሚያውቀው እኔን ነው። በልጄ ሰርግ ዕለት ቤቴ ተቀመጥኩ ብሎ እንዴት ያድራል?»

አንጀቴን በላችው። ግን ምን ላድርግ? ፎቶ ቤት ነው ያለኝ፣ ፍርድ ቤት የለኝ። እንባዋን ጠርጌ ሸኘኋት። ከዚያ ክብሩን «ይሄን ቀስ ብለህ ሥራ፣ የሞተ ሰው ነው» አልኩትና አጋርፋ የምረቃ ፎቶ ላነሳ ሄድኩ።

በማግስቱ ስመለስ ፎቶው ታትሞ፣ ፍሬም ውስጥ ገብቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ክብሩ ራሱ የሚዳር ይመስል ፊቱ በርቷል። ልከፍተው ስል አባትና ልጅ ገቡ። ኦቦ አሊዪ ተቀብለውኝ ጋዜጣውን ቀደዱት።

ሃጂራ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቆመዋል። ፊታቸው ጠርቷል፣ ሻሻቸው ነጥቷል፣ እውነት ያምራሉ። ልጆቹ የሉም። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል፤ የጨበጠው ነገር ግን የለም።

«ሲንቄዋስ?» አሉ ኦቦ አሊዪ።

«የቱ?» አለ ክብሩ።

«ሲንቄዋ!»

«ያ ዱላ? ከግድግዳው ጋር አንድ ቀለም ስለሆነ አብሮ ሄደ። ደግሞ ባይኖርም ምንም አይልም፣ እንዲያውም ፎቶው—»

ቆሌዬ ተገፈፈ። በኛ አገር ሲንቄ ማለት እናት ልጇን ስትድር በእጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ያገባች ሴት ክብሯ ነው። ሲንቄ የያዘችን ሴት ማንም አይነካትም፤ ሲንቄዋን ይዛ በተጣሉ ሰዎች መሃል ከገባች ደግሞ እሷን አልፎ የሚማታ ሰው የለም። ክብሩ ይሄን ከየት ያውቃል? ደብረ ብርሃን ዱላ ዱላ ነው!

«አባቴ እንኳ በሕይወት እያለ ያልደፈራትን» አሉ ኦቦ አሊዪ። ድምፃቸው አልጮኸም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። «እናንተ ከእጇ ነጠቃችኋት። እኔ ይሄን ለልጄ ልስጥ? ሃጂራ ባዶ እጇን ልጅ ትዳር?»

«ይቅር ይበሉን፣ ኦቦ አሊዪ። እርስዎ ይቀመጡ፣ አሁኑኑ ይመለሳል» አልኩና ወደ ክብሩ ዞርኩ። «አንተ! ምን ይገትርሃል፣ ክፈተው!»

ምስኪን፣ ላቡ ጠብ አለ። የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍቶ ከሃጂራ እጅ ጀምሮ ሲንቄውን ወደታች በጥቂት በጥቂቱ ይመልስ ጀመር። ሁላችንም ከኋላው ቆመን እናያለን። ትንሽ እንደወረደ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«እዚህ ጋ ችግር አለ። ሌላ እጅ አለበት።»

ከሃጂራ እጅ ዝቅ ብሎ ሁለት ትንንሽ ጭብጦች ሲንቄውን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል። ልጁ ስለጠፋ ከእጅ አንጓቸው በላይ ምንም የለም፤ ሰማያዊ ብቻ ነው።

«የትንሹ ልጅ ነው» አለ ክብሩ። «ላጥፋው? ከላይ ያለውን እንጨት ገልብጬ ብሸፍንበት አይታወቅም።»

ኦቦ አሊዪ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈልቷል፤ በክብሩም፣ በእሳቸውም። «አጥፋው እንጂ!» አልኩ። «እናቴን ብቻ ነው ያሉት! የታዘዝከውን ሥራ!»

ክብሩ ማውሱን ያዘ።

«ቆይ» አሉ ኦቦ አሊዪ።

ወንበሩን ጎትተው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። በጣታቸው ጭብጦቹን ነኩ። ስክሪኔን ሰው ሲነካብኝ አልወድም፤ የዚያን ቀን ግን ምንም አልተናገርኩም።

«ያን ቀን መትቼው ነበር» አሉ። «ጎባ ገበያ ልወርድ ስል አብሬህ ካልሄድኩ ብሎ ተከተለኝ። ተመለስ ብለው አልሰማ አለ፤ በጥፊ አልኩት። ልደግመው ስል እናቴ ሲንቄዋን ይዛ ወጣችና መሃላችን ቆመች። ያኔ ነው በየመንደሩ የሚዞር ፎቶ አንሺ የደረሰው። ልጁ ዱላውን ይልቀቅና ቀጥ ብሎ ይቁም አለ። ከዲሮ እምቢ አለ።»

«ለምን?» አለች ሰቢሪና።

«‹ከለቀቅኩት አሊዪ ይመታኛል› አለ።»

መሀረባቸውን ከኪሳቸው ፈልገው አጡት። እኔ የካሜራ ሌንስ መጥረጊያዬን ሰጠኋቸው፣ ሌላ ምን ነበረኝ? ለረጅም ጊዜ ፊታቸውን ሸፈኑበት።

«ከዚያስ?» አለች ሰቢሪና ቀስ ብላ።

«ከዚያማ ምን ይደረጋል፣ አዝዬው ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ሄደ።» ወደ ክብሩ ዞሩ። «መልሰው፣ ልጄ።»

«እጁን?»

«ልጁን። እኔንም መልሰኝ።»

«ባክግራውንዱስ?»

«እሱን እንደፈለግክ አድርገው!»

ክብሩ ሲመልስ ከዲሮ ከጭብጦቹ ተነስቶ ክንድ ሆነ፣ ትከሻ ሆነ፣ ያኮረፈ ፊት ሆነ። አንድ ጉንጩ ከሌላው ጠቆር ብሏል። ጥፊው ይሁን የፎቶው እርጅና እንጃ፤ ኦቦ አሊዪ ግን ከዚያ ጉንጭ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ሰቢሪና» አሉ፣ ሳይዞሩ። «ቁጥሩ አለሽ አይደል?»

«የማን?»

«አታድርቂኝ። የአጎትሽ።»

ወዲያው ደወለች። አባቷ ጆሯቸው ደከም ስለሚል ድምፁን ለቀቀችው።

«ሰቢ ኮ!» አለ የከዲሮ ድምፅ። «የኔ ሙሽሪት! ደህና ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ አሊዪ።

ከዚያ ወገን ድምፅ ጠፋ። የዘጋው መሰለኝ። ከኋላው የሚያልፍ መኪና ሲሰማ ነው እንዳልዘጋው ያወቅኩት።

«ሰርጉ እሁድ ነው» አሉ ኦቦ አሊዪ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ና።»

ቀጥሎ ከዲሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኮት አሰፍቻለሁ» አለ። «ቀኑ ተቆረጠ ሲባል የሰማሁ ዕለት ነው ያሰፋሁት። ማታ ማታ እየለበስኩ አየዋለሁ። ሚስቴ ማን ጠርቶህ ነው እያለች ስትስቅብኝ ከረመች።»

ኦቦ አሊዪ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እሷንም ይዘሃት ና» አሉት።