ለአሮጌው ኪቦርድ አስተርጓሚ

ኤኔይዳ በኦልጊን ከተማ መዝገብ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ጽፋለች። በታይፕ ጀመረች፤ ኮምፒውተር ሲመጣም ተማረች እንጂ አላለቃቀሰችም። አሁን ደግሞ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገቡ፤ ኪቦርዳቸው እንደ ብስኩት ስስ ነው። አርብ ፈተና አለ፦ አንድ ገጽ፣ በአሥር ደቂቃ፣ ከሦስት ስህተት ሳይበልጥ። ፈተናውን የወደቀ ሰው በር ላይ ተቀምጦ የሚገባ የሚወጣውን ሰው ስም ይመዘግባል።

መሥሪያ ቤቱ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ስኳር በሽታ የጣቶቿን ጫፍ አደንዝዞባታል። ስሱ ኪቦርድ ላይ ፊደሉን ትምታው አትምታው አይታወቃትም። የአሮጌው ቁልፍ ግን ጠልቆ ይገባል፣ ቀጭ ይላል፤ ጣቷ ባይነግራት ክንዷና ጆሮዋ ይነግሯታል። ስለዚህ ሊጣል ከተከመረው ዕቃ መሃል የራሷን ጎትታ አወጣች። አዲሱ ኮምፒውተር ግን ለገመዱ ክብ ጫፍ የሚሆን ቀዳዳ የለውም።

ማክሰኞ ጎረቤቷ አንድ አዳፕተር ሰጠቻት። በአንድ በኩል ኪቦርዱ፣ በሌላው ኮምፒውተሩ፣ ሁለቱም ልክክ አሉ። ኤኔይዳ "ይኸው!" ብላ ቁልፎቹን ትቀጠቅጥ ጀመር። ወይ ፍንክች! አንዲት ፊደል አልወጣችም።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት በቤቱ በረንዳ ላይ ዕቃ ወደሚጠግነው ወደ ሬሚሂዮ ሄደች።

"የመጨረሻው ማነው?" አለች እንደ ሰልፉ ወግ። ማራገቢያ የታቀፈ ሰውዬ እጁን አወጣ፤ ከኋላው ቆመች።

ተራዋ ሲደርስ ሬሚሂዮ አዳፕተሩን አገላብጦ አየና ሳቀ። "አክስቴ፣ ይሄ ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው። ኪቦርድዎ የድሮ ቋንቋ ነው የሚያወራው፣ ኮምፒውተሩ አይገባውም። ውስጡ ቺፕ ያለው፣ የሚተረጉም ነው የሚያስፈልግዎት።"

"ስጠኛ!"

"ያለኝ አንድ ነው። የራሴ ማውስ ነው የተሰካበት። አልሰጥም።"

ከፊቱ ዞር ብላ የሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመች። "የመጨረሻው ማነው?"

ተራዋ እንደገና ደረሰ። "አልሰጥም አልኩ እኮ!" አላት።

"ሰምቻለሁ" አለችና ተመልሳ ተሰለፈች።

ሰልፈኛው ማሽሟጠጥ ጀመረ። "ሴትዮዋ እዚሁ ሊያድሩ ነው እንዴ? ፍራሽ እናምጣልዎት?"

"አምጡ፣ ትራሱ ግን ለስለስ ይበል" አለች።

ሐሙስም ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች። አምስተኛ ጊዜ ፊቱ ስትቆም ሬሚሂዮ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

"ቆይ፣ አዲሱ ኪቦርድ ምን አደረገዎት?"

እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። ከፊቱም ፈቀቅ አላለችም።

"ይውሰዱት! ከእርስዎ ጋር ከመክረም ያለ ማውስ መኖር ይሻለኛል!" ብሎ ነቅሎ ሰጣት።

አርብ ኮምፒውተሩን ሳትከፍት ሁሉንም ሰካካች። ስትከፍተው የኪቦርዱ ትንንሽ መብራቶች ቦግ አሉ፤ ልቧም አብሮ። አለቃዋ ዩስሌይዲ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ሰዓት ይዛ አጠገቧ ቆመች። ኤኔይዳ ጻፈች። ክፍሉ በረዶ የሚወርድበት ቆርቆሮ ቤት መሰለ። በዘጠኝ ደቂቃ ጨረሰች፤ ሁለት ስህተት።

ዩስሌይዲ "እንኳን ደስ ያለዎት" ልትል ጎንበስ ስትል ክው አለች። የአንዱ ቁልፍ ጠርዝ ተሰብሮ ስለት ሆኗል፤ ቁልፉም ጠረጴዛውም ደም ነክቷቸዋል።

"ትንሿን ጣትዎን ቆርጦዎታል! አልተሰማዎትም?"

ኤኔይዳ እጇን አየች። አልተሰማትም ነበር። ሦስት ዓመት የደበቀችው ነገር ጠረጴዛው ላይ ፈሶ ሲታይ ደነገጠች። ውሸት ፈለገች፣ አላገኘችም።

"ጣቶቼ አይሰሙኝም፤ የሁለቱም እጆቼ" አለች።

"ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ! ከፈተናው ነጻ አደርግዎት ነበር እኮ።"

"ነጻ አድርገሽስ የት ልታስቀምጪኝ ነበር፣ ልጄ?"

 የዩስሌይዲ ዓይን ሳታስበው በር ላይ ወዳለው የመዝጋቢ ወንበር ሄደ።

ኤኔይዳ ጣቷን በመሀረብ ጠቀለለችና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

"ቀጣዩን ገጽ አምጪ" አለች።