ፖስተሩ ላይ ያለው ሰውዬ

ታላቅ ወንድሜ ባንጂ ፓስተር ሲሆን የቤተሰባችንን ስም ከራሱ ላይ አስቀየረ። ሾዋንዴ የነበረው ኦሉዋንዴ ሆነ፤ ጋዜጣ ላይም አሳወጀ። «ኦሾ ፈልጎኝ መጣ የሚል ስም ተሸክሜ እንዴት ልስበክ?» ነው ያለው። ኦሾ በቋንቋችን ጠንቋይ ማለት ነው። በአዲሱ ስም ፈልጎት የመጣው ጌታ ሆነለት። በአገራችን በኢጄቡ እንደ እሱ ያደረገው ብዙ ነው፣ አልተቀየምኩትም። አባታችንም እስኪሞት አንድ ቀን አላነሳበትም።

የቀብሩን ፖስተር ያሳተመው ባንጂ ነው። አስቀድሞ ለእኔ ላከልኝ። ከአባታችን ፎቶ ስር «ኦሉዋንዴ» ይላል። በሞተ ሰው ስም ከወንድሜ አልጣላም ብዬ «ጥሩ ነው» አልኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በእኛ ቤት አፈር የሚመለሰው አክስታችን ኤፉንዬሚ ሟቹን በዘር ውዳሴው ከሸኘችው በኋላ ነው። ስሙን ከበኩር ልጁ አፍ ትቀበላለች፤ ከዚያ አባቱን፣ አያቱን እየጠራች ለእነሱ ታስረክበዋለች። ግቢያችን ውስጥ በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ምርኩዟን ይዛ ቆመችና ፖስተሩን አስነበበች።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«አባታችን ነዋ፣ አክስቴ» አላት ባንጂ።

«ወንድሜንማ አውቀዋለሁ። ይሄኛውን ለማን ላስረክበው? ዘመዶቹን ታውቃቸዋለህ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ።

«አክስቴ፣ ምእመናኑ ቆመዋል እኮ።»

«ይቁሙ። እኔስ በዚህ ጉልበቴ ቆሜ የለ? ስማችን የመጣበት፣ ጠንቋይ የምትለው አያቴ ቅጠል ቀቅሎ ያላዳነው ቤት እዚህ ሰፈር የለም። አባትህ ካሳፈረህ ንገረኝና ልሂድ።»

«ሾዋንዴ ነው፣ አክስቴ» አልኩ እኔ።

«አንቺን አልጠየቅኩም።»

ባንጂ ምእመናኑን አየ፣ ሳጥኑን አየ። በእኛ ባህል ወንድ ልጅ አባቱን ሰላም የሚለው በግንባሩ ተደፍቶ ነው፤ እሱ ግን ፓስተር ከሆነ ወዲህ «በግንባሬ የምደፋው ለአምላክ ብቻ ነው» እያለ ለአባታችን ቆሞ ነበር ሰላምታ የሚሰጠው። አሁን ነጭ ልብሱን እንደለበሰ አፈሩ ላይ ተደፋ።

«ሾዋንዴ ነው» አለ። «አባቴ ሾዋንዴ ነው።»

«ልጁስ ማን ይባላል?»

ግንባሩን ከአፈሩ ሳያነሳ መለሰላት።

«ሾዋንዴ።»

አክስቴ ውዳሴዋን ጀመረች። አባታችን ከአባቶቹ ጋር በስሙ ተጠራ። ባንጂ ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ከተደፋበት አልተነሳም፤ በመጨረሻ እኔና አክስቴ ነን ያነሳነው።