የተቸነከሩት መስኮቶች

ውስጥ እግሯን ሚስማር ወግቷት ሲገባ አልተሰማትም። ከጎኗ የምትሠራው ሴት “ኧረ ደም!” ብላ ስትጮህ ነው ጎንበስ ብላ ያየችው።

በታላቅ ወንድሟ ጫማ ማምረቻ ውስጥ ሶል ላይ ማስቲሽ መቀባት ሥራዋ ነበር። ቶሎ ቱግ ስለምትል “እሳቷ” ይሏታል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ሲቀር እንኳ ሳታውቀው ትሄዳለች፤ ደረጃ ላይም ትደናቀፋለች። ወንድሟ “ሥራ ሲያስጠላሽ እግሬን ትያለሽ” እያለ ያሾፍባት ነበር።

ቁስሏን ልትታከም ስትሄድ፣ ሐኪሟ ዓይኗን አስጨፍና የእግሯንና የእጇን ጣቶች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። ምንም የለም። ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታችው። እግሯ ንቅንቅ አላለም።

“አንጎልሽም ህብለ ሰረሰርሽም ደህና ናቸው” አለቻት። “የተጎዱት ከዚያ ወጥተው እስከ ጣትሽ የሚዘረጉት ነርቮች ናቸው። ገሚሶቹ ስሜት ያመጣሉ፣ ገሚሶቹ ትእዛዝ ያደርሳሉ። ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ስለሆኑ ከእግርሽ ጀመረሽ፤ አሁን እጅሽ ላይ ደርሷል። ሥራሽ ምንድን ነው?”

“ማስቲሽ እቀባለሁ።”

“ቤቱ መስኮት አለው?”

“አለው። አቧራ ማስቲሹን ያበላሻል ተብሎ በጣውላ ተቸንክሯል።”

“ነርቭሽን የጎዳው የማስቲሹ ተን ነው፤ ሥራውን ትተሽ ከዚያ ቤት ውጪ። ነርቭ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሁሉም ላይመለስ ግን ይችላል።”

ደሟ ፈላ። በቀጥታ ወደ ማምረቻው ሄደች፤ መዶሻ አንስታ ጣውላውን ትፈነቅል ጀመር። መዶሻው ከደነዘዙ ጣቶቿ ሲያመልጥ የጎኗ ሴት ብድግ ብላ አብራት ያዘች። ወንድሟ እየሮጠ መጣ።

“አብደሻል እንዴ? አቧራ ይገባል!”

“ይግባ!”

“እኔ ያሳደግኩሽ ወንድምሽ፣ በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?”

“አሳድገህ እግሬን በላህ! ሽታው ራሴን አመመኝ ብለህ ቢሮህን ከግቢው ማዶ ስታዛውር፣ እኛ ራስ የለንም?”

የጎኗ ሴት ሽርጧን ፈታች። “እኔንም ጣቶቼን እየደነዘዘኝ ነው” አለች። ከኋላ ሌላዋ “እኔንም” አለች። አንድ በአንድ ወደ ግቢው ወጡ።

መስኮቶቹ በማግስቱ ተከፈቱ። እሷ ግን አልተመለሰችም።

ከወራት በኋላ ወንድሟ ቤቷ ሲመጣ፣ ለሐኪም ቀጠሮ ልትወጣ ከጫማዋ ክር ጋር ስትታገል አገኛት። እግሯን አሁን አሁን ያቃጥላታል፤ ሐኪሟ ይህ ነርቩ እያገገመ የመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል ብላታለች። ወንድሟ ተንበርክኮ ክሩን አሰረላት።

“ጠበቀሽ?”

“በምን ልወቅ?” አለችው።

ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እግሯን ከእጁ መንጭቃ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፤ እሱን እዚያው ወለሉ ላይ ትታው ወጣች።